ተስማምታችኋል

አዲስ አበባ ውስጥ ሰው ከሰው መጣላት ከተወ ቆይቷል። ሚኒባስ ላይ እግር የረገጠና እግሩን የተረገጠ ሰው አንዴ ይፋጠጣሉ፤ ከዚያ ሁለቱም ጭንቅላታቸውን ወደ ትከሻቸው ዘንበል አድርገው ጆሯቸው ውስጥ ያለችውን ትንሽ መካሪ መሣሪያ፣ ሹክታን፣ ያዳምጣሉ። ሹክታ የአንዱን ጥፋትና የሌላውን ችኮላ መዝና ትነግራቸዋለች። «ይቅርታ» ይላል አንዱ፤ «ችግር የለም» ይላል ሌላው፤ አለቀ። ነገር ለማየት አንገቱን ያሰገገ ተሳፋሪ ካለ የሚያፍረው እሱ ነው።

ቤትም እንደዚያው ነው። ባልና ሚስት ወጡ ጨው በዛበት አልበዛበትም ተባብለው ሳይኮራረፉ የሱ ሹክታ ከሷ ሹክታ ጋር ትጨርስና «ተስማምታችኋል» ትላለች። ሽማግሌ ለጋብቻ ሲላክ መርቆና በልቶ ከመመለስ በቀር የሚለምነው ነገር የለውም፤ እሱ ገና ከቤቱ ሳይወጣ ሁለቱ ወገን ተስማምቷል። የእድር ስብሰባ በምርቃት ተጀምሮ በምርቃት ያልቃል። ከፍርድ ቤቶቹ አብዛኞቹ የሕፃናት መዋያ ሆነዋል። ለምን ይዋሻል፣ ሰው በሰላም ይኖራል፤ እንቅልፉም ጥሩ ነው።

ክርክር የቀረው አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ካለው አሮጌ ሕንፃ የመጨረሻ ፎቅ ላይ፣ ሊፍቱ ከቆመ ወዲህ በደረጃ ብቻ የሚደረስበት የፍልስፍና ትምህርት ክፍል። በሩ አጠገብ ትልቅ ሙዳይ አለ፤ የሚገባ ሁሉ ሹክታውን ከጆሮው አውልቆ እዚያ ይጥላል። የግቢው ጥበቃዎች ከውስጥ የሚወጣውን ድምፅ መጀመሪያ የሰሙ ቀን ሰው የሚደበደብ መስሏቸው በሩን ሊሰብሩት ነበር። ኋላ ለመዱትና ለአዲስ ጥበቃ «ተዋቸው፣ እነሱ እንደዚህ ናቸው» እያሉ ማስረዳት ጀመሩ።

የክፍሉ ኃላፊ ዶክተር አስካለ ናት። ሃምሳን የተሻገረች፣ አጠር ያለች፣ ስትናገር እጇ የማያርፍ ሴት። ከሷ ሌላ ጡረታ ወጥተው ወንበራቸውን ግን አልለቅም ያሉ ጋሽ ደምሰው አሉ። ተማሪዎቹስ ቢባል፣ ተማሪዎቹ ሶልያና ናት። የዶክትሬት ጽሑፏ የመጨረሻ ምዕራፍ ላይ ደርሳለች፤ አፏ ምላጭ ነው።

ታዲያ ይህ ክፍል ከድሮ የወረሰው አንድ ደንብ አለው። የሰውን ሐሳብ ከመቃወምህ በፊት ሐሳቡን ከራሱ ከባለቤቱ አሳምረህ ትናገርለታለህ። እሱ «አዎ፣ ይኸው ነው» እስኪል ድረስ መልስ ብሎ ነገር የለም። «አይ፣ እሱን አላልኩም» ካለህ እንደገና ትጀምራለህ። ደንቡን ማን እንዳወጣው አይታወቅም፤ ጋሽ ደምሰው እኔ ተማሪ ሆኜ ስመጣ እዚሁ ነበር ይላሉ። ችግሩ ደንቡ ከክፍሉ ውጭም ይከተላቸዋል። ካፌ ገብተው አስተናጋጁ ሻይ አልቋል ሲላቸው፣ ሻይ ለምን ማለቅ እንዳለበት ከሱ አሻሽለው ካስረዱት በኋላ ነው ውሃ የሚያዙት። የጋሽ ደምሰው ሚስት አንድ ቀን ብሶቷን ስትነግራቸው፣ እሳቸው ብሶቷን ከሷ አስበልጠው ነጥብ በነጥብ አብራሩላት። ሴትዮዋ «አዎ፣ ይኸው ነው» አለችና ሻንጣዋን አነሳች። መልሴን ሳትሰማ ሄደች እያሉ እስከ ዛሬ ይቆጫሉ።

በግንቦት መጀመሪያ ላይ ከስምምነት ጽሕፈት ቤት መልእክት መጣ። ጽሕፈት ቤቱ የፍልስፍና ክፍሉ ይዘጋ ይላል፤ ክፍሉ ሌላ ሐሳብ ካለው ቀርቦ ይስማማ። ቃሉ እንዲህ ነበር፤ «ቀርቦ ይከራከር» የሚባለው ነገር ከቢሮ ቋንቋ ከወጣ ሰንብቷል። ከተዘጋ አስካለ አንደበቷ ጥሩ ስለሆነ ወደ እንግዳ አቀባበል ትዛወራለች። ጋሽ ደምሰው ወደ ባዶ ቤታቸው ይገባሉ። የሶልያናን ጽሑፍ ደግሞ በአገሩ ውስጥ አንብቦ «ይኼ ልክ አይደለም» የሚላት ሰው አይኖርም፤ ልክ አይደለም የሚል ከሌለ ደግሞ ማለፍ የለም።

አስካለ ፈራች። ስለ ወንበሩ አልነበረም፤ እንግዳ መቀበልም ክፉ ሥራ አይደለም። ያ ፎቅ ከተዘጋ በዚህ ሁሉ ከተማ ውስጥ «ቆይ እስቲ» የሚል ሰው አይኖርም፤ ያስፈራት እሱ ነው። 

ስለዚህ ሥራ ጀመሩ። ጠዋት ማታ እየተሰበሰቡ አንዱ ይጥላል፣ ሌላው ያነሳል። በመጨረሻ አንድ መልስ ወጣቸው። ምክንያቱን የማያውቀው ሰላም የሰውየው ሰላም አይደለም፤ የተዋሰው ነው፤ የተዋሱት ነገር ደግሞ በማንኛውም ቀን ሊሄድ ይችላል። ነገሩ ሲታይ አጭር ነው፤ ስር ግን ነበረው። ሶልያና ቀዳዳ ፈልጋ ፈልጋ አጣችለት፤ እሷ ካጣች የለም ማለት ነው። ጋሽ ደምሰው ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ይኼ መልስ ተራራ ይንዳል አሉ።

በቀጠሮው ቀን ሦስቱም ለብሰው፣ ጫማ አስጠርገው ሄዱ። የጽሕፈት ቤቱ መተላለፊያ ጸጥ ያለ፣ ወለሉ የሚያብረቀርቅ ነው። ከነሱ በፊት በአንድ የጽድ ዛፍ የተነሳ ቅር የተሰኙ ሁለት ጎረቤታሞች ገቡ፤ በሩ ሳይዘጋ ተመልሰው ወጡ። ጋሽ ደምሰው አላስችል ብሏቸው አንደኛውን ያዝ አደረጉና ዛፉን ማን ለቀቀ ብለው ጠየቁት። ሰውየው ትንሽ አሰበና እንጃ አለ፤ ተስማምታችኋል ብላናለች። ፈገግታው ደስ ይል ነበር። ጋሽ ደምሰው እጁን ለቀቁት።

ወደ ውስጥ ሲገቡ የተቀበላቸው አቶ ንጋቱ ይባላል። አርባ ቢሞላው ነው፤ ትሑት፣ ልብሱ የተስተካከለ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው መሆኑ ከፊቱ ይታወቃል። ጠረጴዛው መሀል ላይ ሰሚ ተቀምጣለች። ሰሚ ከዳቦ የማትበልጥ ነጭ ነገር ናት፤ የሁለቱን ወገን ንግግር ትሰማለች፣ ተስማሙ ብላ ያመነች እንደሆነ ጉዳዩን ትዘጋለች። የተዘጋ ጉዳይ ይግባኝ የለውም፤ የተሸነፈ ሰው ስለሌለ ማን ይግባኝ ይላል? ለዚህ ነው የከተማው ሰው ሰሚ ፊት ሲቆም የራሱን ብቻ ተናግሮ አፉን የሚዘጋው። ሕፃን ልጅ እንኳ ይህን ያውቃል። የፍልስፍና ክፍል ሰዎች ግን ሰሚ ፊት ቀርበው አያውቁም፤ ጠባቸውን እዚያው እቤታቸው ነው የሚጨርሱት፣ ያውም ከጨረሱት።

መጀመሪያ የተናገረው አቶ ንጋቱ ነው። ጭንቅላቱን ዘንበል አደረገና ሹክታው የነገረችውን አንድ በአንድ ደገመው። ክፍሉ ለከተማው ስምምነት አስተዋጽኦ የለውም፤ ተማሪውም ጥቂት ነው፤ ቢዘጋ ይሻላል። ከዚያ አመስግኖ ተቀመጠ።

አስካለ ተነሳች። ሦስቱ ያዘጋጁት መልስ አፏ ላይ ነበር፤ ዓይኗ ግን አቶ ንጋቱ ላይ አረፈ። እንዲህ ያለ ትልቅ ሙግት እንዲህ ከስቶና ገርጥቶ ሲቀርብ ስታይ፣ ያልበላ ልጅ ደጇ እንደመጣባት ሴት ሆዷ ባባ። ይኼ ሙግት ባለቤት ይፈልጋል አለች በልቧ። ልማድ ክፉ ነው።

«አቶ ንጋቱ ሊሉ የፈለጉት እንዲህ ይመስለኛል» አለች። «እኛ ድሮ የምንከራከረው ክርክር ስለምንወድ አልነበረም። ማን ልክ እንደሆነ የምናውቅበት መንገድ ስለሌለን ነው። በዚያ መሀል ስንቱ ተጎዳ። በአንድ ክንድ መሬት ወንድማማች ተኳርፎ፣ አንዱ የሌላው ልጅ ሲሞት ለቅሶ ሳይደርስ ኖሯል። እናት ሁለቱን ልጆቿን በአንድ ገበታ ሳታይ ተቀብራለች። ዛሬ ያ የለም።»

ሶልያና በጠረጴዛው ሥር እግሯን ረገጠቻት። አስካለ በርቺ ማለቷ ነው ብላ ድምጿን ከፍ አደረገች። እጇ መንቀሳቀስ ጀምሮ ነበር፤ እጇ ከጀመረ ደግሞ የሚያቆማት የለም። የድንበር ጠብ ያጠፋውን ሁሉ አነሳች፤ በውርስ የተለያዩትን፣ በአንድ ክፉ ቃል ዕድሜ ልክ የተቀያየሙትን። 

«እኛ ፈላስፎቹስ ምን እንላለን?» አለች በመጨረሻ። «ሰላሙ የናንተ አይደለም፣ ምክንያቱን አታውቁትም እንላለን። ያቺ እናት ግን የተኳረፉት ልጆቿ መጥተው ገበታዋ ላይ ሲቀመጡ፣ ይኼ ሰላም የማነው ብላ ትጠይቃለች? ወጥ ትጨምርላቸዋለች እንጂ። ለሷ የኛ ጥያቄ ቅንጦት ነው። እኛ ለቅንጦታችን ብለን የሻረ ቁስል እንነካካለን። እንዲህ ከሆነ ክፍሉ ቢዘጋ ይሻላል።»

 አቶ ንጋቱ ጭንቅላቱን ዘንበል ማድረጉን ረስቶታል።

«አዎ» አለ። «ይኸው ነው።»

ሰሚ አረንጓዴ በራች። «ተስማምታችኋል። ጉዳዩ ተዘግቷል። መልካም ቀን ይሁንላችሁ» አለችና ጠፋች።

የአስካለ እጅ እንደተንጠለጠለ ቀረ። ገና መልሱን አልተናገርኩም እኮ አለች፣ ለዚያች ለጠፋች ነጭ ነገር። ማን ሊሰማት። ጋሽ ደምሰው ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፍነው የኔዋም የሄደችው እንዲሁ ነው አሉ። አቶ ንጋቱ ከወንበሩ አልተነሳም፤ ጠረጴዛውን እያየ ነበር። ሦስቱ ተያይዘው ወጡ።

መተላለፊያው ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ሲደርሱ አስካለ ተቀመጠች። ሶልያና ቆማ ትንጎራደዳለች። አሁን ትጮሃለች ብለው ሲጠብቁ፣ በቀስታ ነው የተናገረችው።

«ዶክተር፣ ክፍላችንን አሳምረው ዘጉት።»

አስካለ መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቁ መሀል ላይ አለቀሰች። እንዲህ ያለ ጅልነት በሰው ደርሶ ያውቃል? ቤቷ በእሳት ሲያያዝ የእሳቱን አመል ቆማ የምታደንቅ ሴት። ጋሽ ደምሰው መሐረብ አቀበሏትና ጎኗ ተቀመጡ።  በልባቸው ግን ንግግሩ ግሩም ነበር እያሉ እንደሆነ ከፊታቸው ይነበባል፤ ይኼ ደግሞ ይብስ አናደዳት።

ትንሽ ቆይቶ በሩ ተከፈተና አቶ ንጋቱ ወጣ። ጆሮው ባዶ ነው፤ ሹክታውን አውልቆ መዳፉ ላይ ይዟታል። እንዲህ ያለ ነገር ከነሱ ፎቅ ውጭ አይታይም። አጠገባቸው ቆሞ ቃል ሲፈልግ ቆየ፤ ያለ ሹክታ ቃል ፈልጎ አያውቅማ።

ከዚያ እንደ ምንም ብሎ ነገራቸው። አባቱና አጎቱ በድንበር ተጣልተው ኖረዋል። እሱ ልጅ ሳለ የአጎቱን ልጆች በመንገድ ሲያገኝ ፊቱን አዙር ይባል ነበር። ሹክታ ወደ አገራቸው የገባች ጊዜ ሁለቱ በአንድ ቀን ታረቁ፤ አባቱ የሞተው አጎቱ እቅፍ ውስጥ ነው። እሱም በዚህ ጽሕፈት ቤት የተቀጠረው ለዚህ ኖሯል። ኖሯል አለ፤ እስከ ዛሬ ለምን እዚህ እንደሚሠራ ራሱም አያውቀውም ነበር። አሁን አስካለ ስትናገር ነው የገባው።

«ግን ሊቀጥሉ ነበር» አላት። «እጅዎን አንስተው ነበር። ቀጥሎ ምን ሊሉ ነው?»

ምን ያደርጋል አለች አስካለ፤ ተዘግቷል።

አቶ ንጋቱ አልተዘጋም አለ። ሰሚ ከዘጋች በኋላ የጽሕፈት ቤቱ ሰው በአፉ «አጽድቄያለሁ» ማለት አለበት። ይህች ቃል ለወጉ ያህል የተቀመጠች ናት፤ ሳይላት የቀረ ሰው ተሰምቶ አያውቅም። እሱ ግን ገና አላላትም። መልስ ካላት ትንገረው፤ መልሱ መልስ ከሆነ አያጸድቅም።

ሶልያና መንጎራደዷን አቆመች። ጋሽ ደምሰው በክርናቸው ጎሰም አደረጓትና በይ ያችን ተራራ የምትንደውን አምጪያት አሉ። አስካለ አፏን ከፈተች። መልሱ ቃል በቃል አለ፣ የትም አልሄደም። ምክንያቱን የማያውቀው ሰላም የሰውየው አይደለም። ይህን ልትል ስትል ያቺ ወጥ የምትጨምር እናት መጣችባት። እናቲቱን ከየትም አላመጣቻትም፤ እየተናገረች ሳለ ነው ያገኘቻት። ሴትዮዋ ልጆቿን እያየች ተቀምጣለች፤ መልሱ ፊቷ ሲቀርብ ቀና ብላም አታየውም። ጠዋት ተራራ ይንድ የነበረው መልስ አንዲት ሴት ከገበታዋ ማስነሳት አቃተው።

ይህን ሦስቱ የክፍሉ ሰዎች ያውቃሉ፤ የሶልያና ፊት ሲጠቁር አስካለ አየችው፤ እሷም ደርሳበታለች። አቶ ንጋቱ ግን አያውቅም። ምስኪን፣ በዕድሜው አንድም የክርክር መልስ ሰምቶ አያውቅም፤ የቀረበለትን ያምናል። ሶልያና ጎንበስ ብላ በጆሮዋ፣ ዝም ብለው ይበሉት፣ ከኛ በቀር ማን ያውቃል አለቻት። ድምጿ ይለምናል፤ ሶልያና ደግሞ ለምና አታውቅም።

አስካለ ልትለው ፈለገች። እውነት ለመናገር በጣም ፈለገች። ደረጃው፣ ሙዳዩ፣ የሶልያና ያላለቀ ምዕራፍ፣ ጋሽ ደምሰው ባዶ ቤታቸው ውስጥ፤ ሁሉም ዓይኗ ላይ ሄደባት። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ተናግራው ብትሄድ ነገ ጠዋት ፎቁ ላይ እንደገና ይጨቃጨቃሉ። ግን እዚያ ፎቅ ላይ ወጥታ በምን አፏ ነው የምትጨቃጨቀው?

«መልስ ነበረኝ» አለችው። «ጠዋት ጥሩ መልስ ነበር። የእርስዎን ሐሳብ ከተናገርኩ በኋላ ግን አልቆመልኝም። ብነግርዎ ያሳምንዎት ይሆናል፤ እኔን ግን አያሳምነኝም። ስለዚህ የለኝም።»

ሶልያና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ጋሽ ደምሰው ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው መሬት መሬት ያያሉ።

አቶ ንጋቱ ጭንቅላቱን ዘንበል አደረገ። ጆሮው ባዶ መሆኑ ትዝ ሲለው ቀና አለ።

«የለዎትም?»

«የለኝም።»

«እንዲህ የሚባል ነገር አለ እንዴ?» አለ ቀስ ብሎ። እየቀለደ አልነበረም።

 አቶ ንጋቱ በመተላለፊያው መስኮት ወደ ውጭ ተመለከተ። ከታች ሰዉ በሰላም ይመላለሳል። ከዚያ ለማንም ያልተናገረውን ተናገረ። አባቱ ሊሞት ሲል፣ ከአጎቱ ጋር ምን ተባብለው እንደታረቁ ጠይቆት ነበር። አባቱ አስቦ አስቦ አላስታውስም አለው። ደስተኛ ነበር፤ የወንድሙን እጅ ይዟል፤ ግን አላስታውስም አለው። ንጋቱ ያን ቀን የሆነ ነገር ቆረጠመው። ሹክታውን ሲጠይቃት ድካም ነው አለችው፣ ተኛ አለችው፤ ተኛ። እስከ ዛሬ ድካም ይመስለው ነበር።

«እና ሁለቱም እውነት ነው» አለ። «እርስዎ ያሉት እውነት ነው። እኔን የቆረጠመኝም ነገር አለ። ታዲያ የትኛው ነው?»

አስካለ ዓይኑን አየችው። እሱ ያነሳውን ጥያቄ እሷ፣ ጋሽ ደምሰውና ሶልያና ያን ሁሉ ቀን ተጨቃጭቀው አላገኙትም ነበር። ይኼ መልስ ነው ልትለው አልቻለችም፤ አይደለማ። 

መዳፉ ላይ ያለችው ሹክታ በቀጭን ድምፅ ተናገረች፤ ጆሮ ውስጥ ስላልሆነች ሁሉም ሰሟት። «አቶ ንጋቱ፣ አጽድቀዋል?»

«አላውቅም» አለ።

 ሹክታ ጥያቄዋን ደገመችው፤ ድምጿ አልተለወጠም። እሱም ደገመ፤ አላውቅም፤ በዚህኛው ድምፁ ከፍ ብሎ ነበር፣ በወዲያኛው ቢሮ ያለ አንድ ሰው በሩን ገርበብ አድርጎ አየ። ያልጸደቀ ጉዳይ ክፍት ሆኖ ይቆያል አለች ሹክታ፣ ከዚያ እንደገና ጠየቀችው።

ሶልያና ከግድግዳው ዞራ ነበር። 

 አቶ ንጋቱ መሄጃውም መቆሚያውም የጠፋው ሰው ሆኖ አስካለን አያት።

«እንዲህ ሲሆን እናንተ ምን ታደርጋላችሁ?»

«ቁጭ እንላለን» አለችው።

ጋሽ ደምሰው ከዘራቸውን ሰብሰብ አድርገው ጠጋ አሉለት። አቶ ንጋቱ፣ ሹክታው መዳፉ ላይ እየጠየቀችው፣ አግዳሚው ላይ ቁጭ አለ።